ከብትን በሣሩ መቍጠር

ያገራችን ባላገር ሀብቱ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚናገረው የከብቱን ቍጥር ነው፤ ሣሩን ቈጥሮ የሚናገር ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በደጋ አገር ጥቂት መሬት ይዞ ከቤተ ሰቡ ጋራ ከብት የሚያረባ ሰው፥ ወይም ከተማ ተቀምጦ በገጠር ላሉት ወላጆቹ ላም ገዝቶ የሚሰድ ሹም፥ የከብቱን ልክ በምን እንዲያውቅ በዛሬው ጽሑፋችን ልንናገር አሰብን።

ነገሩ የሒሳብ ነው። ያገራችን ላም ክብደቷ 250 ኪሎ ግራም ያህል ብትሆን በየቀኑ 6 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል። ሜዳው ከሚደርቅበት ከኅዳር ጀምሮ አዲሱ ሣር ለአፍ እስኪበቃ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ 240 ቀን አለ። እንግዲህ አንዲቱ ላም ብቻዋን ከ14 ኩንታል የሚበልጥ ድርቆሽ ትጨርሳለች ማለት ነው። ተከልሎ የታጨደ መልካም ሜዳ ከአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ቢሰጥ የሚበቃው ለ2 ላም ነው። ባለቤቱ ከአውድማው የጤፍና የገብስ ጭድ አከማችቶ የመኖውን እኩሌታ በዚያ ቢሞላ እስከ 4 ያደርሰዋል። ከእነዚህም ውስጥ አስቀድመው የሚቈጠሩት 2ቱ የእርሻ በሬዎች ናቸው፤ ያለ ጥማድ በሬ እርሻው አይታረስምና።

በዚሁ ሜዳ ላይ 8 ከብት ያሰማራ ሰው ግን ሁሉንም አንድነት ያስርባቸዋል። የተራበ ከብት ቶሎ አይሞትምና ባለቤቱ ጕዳቱን አያይም። ነገር ግን የከሳች ላም ኮርማ አትፈልግም፤ ከወለደች በኋላም 2 ዓመት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ሳትወልድ ትቀመጣለች። የምታጠባውም ብትሆን በመጋቢትና በሚያዝያ የምትሰጠው ወተት ለጥጃዋ እንኳ የማይበቃ ነው፤ የቤቱም ሕፃን ከጥጃው ጋራ ይሻማል። ታላቁም ልጅ እነዚህን ሁሉ ይዞ ሣር ፍለጋ ሲንከራተት ይውላልና ከትምህርት ቤት ይቀራል። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን ከምንጽፈው የጠብ ጕዳይ ብዙውን ጊዜ ከብት ከሰው ማሳ ወይም ከሰው ክልክል ገባ የሚል እናገኛለን። ለዳኛና ለጠበቃ የሚወጣው ገንዘብ ድርቆሽ በገዛ ነበር።

አባቶቻችን ከብት ማብዛትን የወደዱት ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ፥ ሰው ክፉ ቀን ብሎ በሚጠራው ዘመን፥ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገብቶ ያገሪቱን ከብት አብዛኛውን ስለ ፈጀው፥ 10 የነበረው 1 ሲተርፍለት ምንም ያልነበረው ባዶውን ቀረ። የዚያ ፍርሀት ከአባት ወደ ልጅ ወርዶ እስከ ዛሬ አለ። ነገር ግን ያ በሽታ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ገና አልጠፉም፤ ነገር ግን ክትባት አላቸው፤ ለ3 ከብት ማስከተብም ለ8 ከማስከተብ ይቀላል።

አሁን ወደ ሣሩ እንመለስ። ክረምት ሲገባ የድርቆሹን ሜዳ መከለል ይገባል። መሬቱ በውሃ ርሶ ሳለ ከብት ቢረግጠው ሣሩ ከሥሩ ይነቀላል፤ ጭቃውም ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ሜዳ መከለል አዲስ ትምህርት አይደለም። በመንዝ ያለው የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የራሱ አለቆች ባሉት ያገር ሥርዐት ሲጠበቅ ኖሯል፤ አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ዓመት ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ማንም አይነካውም ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ያ ሥርዐት ቢፈርስም፥ ዛሬ ያገሩ ሰው ተማክሮ እንደ ገና ይጠብቀዋል።

የአጨዳው ጊዜ ግን በብዙ ስፍራ ሲስት እናያለን። ሰው ሥራው እስኪቀልለት ብሎ ሣሩን እስከ ኅዳር፥ አልፎም እስከ ታኅሣሥ ያቆየዋል። ያን ጊዜ ሣሩ ፍሬውን አራግፎ ቢጫ ሆኗል፤ ክምሩ ትልቅ ነው፥ ነገር ግን ከጭድ አይሻልም፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም። መልካሙ ጊዜ ሣሩ ሲያብብ፥ ፍሬ ሳይቋጥር ነው። በመስከረም ዝናቡ ስለማይለቅ፥ በሸዋ ደጋ የጥቅምት መጀመሪያ ይሻላል። የታጨደውን 2 ወይም 3 ቀን እያገላበጡ አድርቆ፥ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ በእንጨት ርብራብ ላይ መከመር፥ ዝናብም እንዳያድርበት ጫፉን ማሾል ይገባል።

በሣሩ መካከል ማጌጥ የበዛበት ሜዳ ያለው ሰው እድለኛ ነው፤ ማጌጥ ወተት ይጨምራልና። ነገር ግን ጤዛው ሳይረግፍ በባዶ ሆዷ የገባችበት ላም ሆዷ ተነፍቶ በሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ አስቀድሞ ጥቂት ጭድ ማብላት ነው። ከረግረጉም ዳር ከብትን መከልከል ይገባል፤ የጉበት ትል የሚመጣው በዚያ ካለው ቀንድ አውጣ ነው።

ከልክ በላይ የሆነው ከብት የሚሸጠው ክረምቱ የሰጠው ሥጋ ገና ሳይረግፍ፥ ከገና በፊት ነው። እስከ ሚያዝያ ያቆየ ሰው አጥንት ይሸጣል። የትኛዪቱ እንደምትሸጥ ግን ባልየው ብቻውን አይቍረጥ። በየጧቱ የምታልበው፥ የትኛዪቱ በበጋ ወተቷን እንደማትነጥፍ፥ የትኛዪቱም መሲና እንደ ሆነች የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናትና፥ አስቀድሞ እርሷን ይጠይቅ።