ምን ልታዘዝ?

በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ስለ ቋንቋ ምን አገባው እንዳትሉኝ። ቀኑን ሙሉ ከብሩ ይልቅ የምቀበለውና የምከፍለው ቃል ነው።

በአንድ ሥልጠና ላይ፣ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «ምን ልርዳዎት?» እንድንል ታዘዝን። ፊደሉ አማርኛ ነው፤ ነፍሱ ግን «ሜይ አይ ሄልፕ ዩ» ነው። በገበያ ዕለት፣ የበርበሬ ገንዘባቸውን ይዘው ከጃቢ ጠህናን ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም የወጡ አንድ አባት ይህን ሰላምታዬን ሰሙና «ልጄ፣ ርዳታ ፈልጌ አልመጣሁም፤ ብር ላስቀምጥ ነው» አሉኝ። ባልደረቦቼ ሳቁ። እኔ አፈርኩ። ከ1977ቱ ረኀብ ወዲህ «ርዳታ» የሚለው ቃል በዚህ አገር ጆሮ ውስጥ ምን ተሸክሞ እንደሚገባ፣ ሐረጉን የተረጎመልን ሰው አላሰበበትም።

አማርኛ ለዚህ ስፍራ «ምን ልታዘዝ?» የሚል ቃል አለው፤ አቅራቢው ዝቅ ብሎ እንግዳውን ከፍ የሚያደርግበት። «ላምጣልዎት?» የምትለዋን አንዲት ቃልም ተመልከቱ፤ አምጪው፣ የሚመጣለት ሰው፣ አክብሮቱና ፈቃድ መጠየቁ ሁሉ በውስጧ አሉ። እንግሊዝኛው «ሻል አይ ብሪንግ ኢት ፎር ዩ» ብሎ ስድስት ቃል ይደረድራል፤ አክብሮቱን ግን ከድምፁ እንጂ ከቃሉ አታገኙትም።

በትምህርት ቤት «ዉድ ዩ ላይክ ሰም ቲ?» «ኖ ታንክ ዩ» እያልን ምልልስ አጥንተናል። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። በእናቴ ቤት ግን የመጀመሪያው «ይቅርብኝ» መልስ ሳይሆን የወጉ መግቢያ ነው። «በሞቴ!» ትላለች። «አፈር ስሆን!» ትጨምራለች። ይህን ማስገደድ ነው የሚሉ የተማሩ ወዳጆች አሉኝ። ተርቦ የመጣና ያፈረ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» እንደማይል እነርሱ ረስተውታል፤ እናቴ አልረሳችውም።

ወደ ተስፋ ቃል ልምጣ። ከቡሬ በኩል ለመጡ አንድ አዛውንት «ኖ ፕሮብሌም፣ ነገ ያልቃል» አልኳቸው። በማግስቱ ኔትወርክ አልነበረም። «ትናንት ቃል ሰጥተኸኝ አልነበር?» ሲሉኝ፣ ከአፌ የወጣው መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፦ «አባቴ፣ ቃል አልሰጠሁም፤ ኖ ፕሮብሌም ነው ያልኩት።»

የእንግሊዝኛን ሐረግ ለምን እንደምንወደው ያን ዕለት ገባኝ። ጥፋቱ የቋንቋው አይደለም፤ ለባለቤቱ «አይ ፕሮሚስ» ዕዳ ነው። እኛ ግን ሐረጉን ወስደን ዕዳውን እዚያው ትተነዋል። የእኛም መሐላ ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ «እናቴ ትሙት» እየተባለ ስንት ውሃ የተረጨበት በርበሬ ተሸጧል! ሆኖም እንዲያ ምሎ የዋሸ ሰው መዋሸቱን ያውቃል። «ምኒልክ ይሙት» ብለው ይምሉ የነበሩት አያቶቻችን፣ ቃል ሲሰጡ አንድ የከበደ ነገር መያዣ ያደርጉ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ሳይቀር፣ እከፍላለሁ ብሎ የፈረመን ሰው ወረቀት «የተስፋ ሰነድ» አለው። ይህ «ተስፋ» የምኞት አይደለም፤ «የተስፋይቱ ምድር» ስንል የምናውቀው፣ የተማለለት ነገር ነው። በእጄ ባለፈ ቁጥር ደስ የሚለኝ ስም ነው።

ከዚያ ወዲህ በመስኮቴ «ምን ልታዘዝ?» እላለሁ። በቀደም አለቃዬ ሰማኝና በሥልጠናው የተሰጠንን ቃል ብቻ እንድጠቀም አሳሰበኝ።

«ኖ ፕሮብሌም» አልኩት።