የመኖሪያ ሕንፃ ንድፍ ከነዋሪው ኑሮ ይነሣ

የከተማ ቤት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ውይይታችን በመጠን ላይ ይሽከረከራል፤ ስንት ቤት ተሠራ፣ ስንትስ ቀረ እንላለን። የተሠራው ቤት ለሚኖርበት ቤተሰብ ይመቻል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን የሚነሣው ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ነው። ወልቂጤና ቡታጅራ የዞን መቀመጫዎች በመሆናቸውና፣ በነሐሴ 2015 የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎቹን ለተለያዩ ከተሞች ሲያከፋፍል ሁለቱም ድርሻ በማግኘታቸው፣ ቤት ፈላጊው ሠራተኛ በርክቷል፤ ግንባታውም ወደ ላይ እያደገ ነው። ስለዚህ ይህ የተገለበጠ ቅደም ተከተል ዛሬውኑ መስተካከል ይኖርበታል።

በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ የመለሰው የባለቤትነትን ጥያቄ ነበር። የንድፍ ጥያቄ ግን በዚያን ጊዜ ሳይመለስ አደረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ለብዙ ሺህ ቤተሰብ መጠለያ መስጠቱ አይካድም። ይሁን እንጂ ይኸው ፕሮግራም ወደ ክልል ከተሞች ከተዛመተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲቆም የተደረገው የነዋሪው የመክፈል አቅም በማነሱ ብቻ ሳይሆን፣ የጋራ ሕንፃ ኑሮ በትናንሽ ከተሞች ተቀባይነት በማጣቱም ጭምር ነው። ይህ ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሊያስተምረን በተገባው ነበር። ሕዝቡ ፎቅን ጠላ ተብሎ መታለፉ ስሕተት ነው፤ ሕዝቡ የጠላው ኑሮውን የማያውቅ ፎቅ እንደሆነስ?

የጋራ መገልገያ ቤቶቹን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት ቤት ከሕንፃዎቹ አጠገብ ለብቻው እንዲሠራ መታሰቡ በጎ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ሊጥ ተሸክሞ ከአራተኛ ፎቅ መውረድና የጋለ ምጣድ ዘንድ ወረፋ መጠበቅ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ንድፉን ያወጣው ባለሙያ የጠየቀ አይመስልም። በመሆኑም ብዙዎቹ ቤቶች ለታሰበላቸው ዓላማ ሳይውሉ ቀሩ። በጉራጌ ከተሞች ደግሞ ቆጮው አለ፤ በመስቀል ሰሞን ከየአቅጣጫው የሚሰበሰበው ዘመድ አለ፤ ለቅሶና ድንኳን አለ። አንድ መኝታ ቤትና ጠባብ ሳሎን ለዚህ ሁሉ ምን መልስ ይሰጣል?

በርካሽ መሥራት ግድ ነው የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ክርክሩም መሠረት የለሽ አይደለም። ዳሩ ግን ነዋሪው ቁልፍ በተረከበ ማግሥት ግድግዳ አፍርሶ እንደገና የሚሠራ ከሆነ፣ ተቆጠበ የተባለው ገንዘብ ከሠራተኛው ኪስ ዳግመኛ ወጣ ማለት ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣችው ውሳኔ መሠረት አሳንሰር የሌላቸውን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃዎች በፍጥነትና በብዛት ሠርታ ሚሊዮኖችን ከጠባብ የጋራ መኖሪያ አላቀቀች። ሆኖም ሞስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ከእነዚሁ ሕንፃዎች ብዙዎቹን አፍርሳ የመተካት ሰፊ ዕቅድ ይዛ ተነሣች። ፍጥነቱ የሚደነቅ ቢሆንም ንድፉን እንዳለ መቅዳት አይገባንም።

ንድፍን ከውጭ ሳንቀዳ ከገዛ መንደራችን የምንማረውም አለ። የጉራጌ ጀፎረ በሁለት ረድፍ በተሰለፉ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ከብቱ ያልፍበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሠርግና ሐዘን ይከናወንበታል፤ ማንም አጥሩን ወደዚያ እንዳይገፋ ባህላዊው ሕግ ይጠብቀዋል። የከተማ ፕላን ሳይንስ የጋራ ቦታ የሚለውን ይህ ሕዝብ ያለ መሐንዲስ ሠርቶታል። የዛሬው የሕንፃ ፕላን በፎቆቹ መካከል የሚተወው ክፍት ቦታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ይቀራል።

ጥራት ሲባል ውበት ብቻ የሚመስላቸውም አሉ። ወልቂጤ የመጠጥ ውኃ እጦት ክፉኛ ያሰቃያት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ የምድር ማጠራቀሚያና መግፊያ ፓምፕ ከንድፉ ካልተካተቱ የአራተኛው ፎቅ ቧንቧ ጌጥ ነው። ቡታጅራ ደግሞ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተቆረቆረች ናት። በ2017 መጀመሪያ አጋማሽ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ጉዳዩ የሩቅ አለመሆኑን ሁላችንም ተረድተናል። ምድር ቤቱን ለሱቅ ክፍት ትቶ ከባዱን ግድግዳ በላዩ መጫን፣ በየዋናው መንገድ የሚታየው ልማድ፣ በመንቀጥቀጥ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰበረው ታችኛው ዓምድ እንዲሆን ያደርጋል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ፕላን ሳይጸድቅ ግንባታ እንዳይጀመር ደንግጎ ነበር። ንድፉን የሚመረምረው የሕንፃ ሹም ብረቱንና ከፍታውን ያያል፤ ማጀቱን ግን ማን ይይ? ይህ የቀበሌ ነዋሪዎችና የግንባታ ሠራተኞች ድርሻ መሆን ይገባዋል እንላለን። ለዚህም ብዙ ወጪ አያሻም። የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ፕላን ከመጽደቁ በፊት የአንዱ ቤት ስፋት በቀበሌው ሜዳ ላይ በኖራ ይሠመር። እናቶች ምድጃውንና የውኃ በርሜሉን፣ አልጋውንና ረከቦቱን በመሥመሩ ውስጥ ያስቀምጡና ይሞክሩት፤ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የምድር ቤቱን ይመልከቱ፤ ግንበኛውና ብረት አሣሪው የማይሠራውን ማዕዘን ያመልክቱ። የተባለው በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ከፕላኑ ጋር ለማዘጋጃ ቤቱ ይቅረብ፤ ያልተቀበለው ነገር ቢኖርም ምክንያቱን ለዚያው ስብሰባ በጽሑፍ ይመልስ።