የአምባዛ ጫጩት ምን ይብላ?



ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ገና የተወለደ ጥጃ ገለባ ብቻ ቢሰጡት ያድጋል? አያድግም፤ ወተት ይፈልጋል። የአምባዛ ጫጩትም እንዲሁ ነው።

እኛ ይህን የተማርነው ከጥፋታችን ነው። በቆፈርነው ኩሬ የአምባዛ ጫጩት ጨመርን። ምግቡ ፉርሽካ ብቻ ነበር። ቁጥራቸው በየቀኑ አነሰ። «ወፍ ነው የበላብን» ብለን ኩሬውን ጠበቅን። ለካስ ሌባው ከውስጥ ኖሯል! የተራቡት ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይውጡ ነበር።

ሰውነት የሚገነባው ምግብ ፕሮቲን ይባላል። የአምባዛ ጫጩት ከሚበላው 100 ኪሎ መኖ ውስጥ 40 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን መሆን አለበት። ፉርሽካ ከ100 ኪሎ 15 ያህል ብቻ አለው። የኑግ ፋጉሎ 30 ያህል አለው። ጥሩ የዓሣ ዱቄት 60 ይደርሳል።

እንግዲህ እንደምር። 5 ኪሎ የዓሣ ዱቄት፣ 4 ኪሎ ፋጉሎ፣ 1 ኪሎ ፉርሽካ፤ ድምሩ 10 ኪሎ። በዚህ ውስጥ ከ4 ኪሎ በላይ ፕሮቲን አለ።

አድቅቃችሁ ፍጩት፤ ቀላቅሉት። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ስጡ። የተረፈ መኖ እኮ ውሃውን ያበላሻል። ትልልቁንም ከትንንሹ ለዩ።

አምባዛው ሲያድግ የጫጩቱን ያህል ፕሮቲን አይፈልግም። ያን ጊዜ ፉርሽካውን ጨምሩለት።

ይህን ያነበባችሁ፣ ላላነበበ ጎረቤት አንብቡለት። ሳምንት እንገናኝ!