የመኪና የጥላ ሸራ ከነመግጠሚያው ይሸጥ

የንግድ ሥራ ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃ በማስረከብ ብቻ የሚፈጸም አለመሆኑን ለዚህ ሳምንታዊ ጽሑፍ አንባብያን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ይሁን እንጂ ከሱቅ ወጥተው በሥራ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚገጥማቸው ሳንጠይቅ የምንሸጣቸው ዕቃዎች ብዙዎች ናቸው። ዛሬ ከእነዚህ ስለ አንዱ፣ ይኸውም በመስክ መኪና ጣሪያ ላይ ስለሚገጠመው የጥላ ሸራ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ጉዳዩ ግን ትንሽ አይደለም።

የጥላ ሸራ የምንለው፣ ነጂዎች ፖርቶመጋላ ብለው ከሚጠሩት የጣሪያ ዕቃ መጫኛ ጎን ተጠቅልሎ የሚታሰርና መኪናው ሲቆም ተዘርግቶ እንደ ዳስ የሚያገለግለውን ሸራ ነው። የተለመደው መጠን 2 ሜትር በ2.5 ሜትር ሲሆን፣ ከነከረጢቱና ከነእግሮቹ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እንደ ክንፍ ዞሮ የሚከፈተው ትልቁ ዐይነት ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። ፈላጊዎቹም አገር ጎብኚዎችን የሚያጓጉዙ ድርጅቶች፣ መንገድ ቀያሾች፣ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች፣ ክትባት ይዘው ወደ ገጠር የሚወጡ የጤና ሠራተኞች ናቸው። በዳሎል አካባቢ ምድሩ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬትም የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። አንድ ዛፍ እንኳ በማይገኝበት እንዲህ ባለ ስፍራ ጥላ ማለት ምቾት ሳይሆን ጤና ነው።

ባለፈው በጋ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ አፋር ወርደን ነበር። ከመነሣታችን በፊት ስሙን ከማልጠራው ሱቅ አንድ የጥላ ሸራ ገዛን። ከሣጥኑ ውስጥ የተገኘው መግጠሚያ ሁለት ቀጫጭን የታጠፉ ብረቶችና አራት አጫጭር ብሎኖች ብቻ ሲሆን፣ የእኛ ፖርቶመጋላ ከእነዚያ ብረቶች ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ አልነበረውም። ሻጩን ብንጠይቀው «ማንም መካኒክ ያስርላችኋል» ብሎ አሰናበተን። መካኒኩም የሚችለውን አደረገ፤ አንዱን ጫፍ በብሎን፣ ሌላውን በሽቦ ጠምጥሞ አሰረልን። በጠጠሩ መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ሄድን የፊቱ ብሎን በንዝረት ብዛት ዳዶውን ጥሎ ወጣ፤ ሽቦውም ተበጠሰ፤ ሸራው ከነብረቱ ተገንጥሎ፣ ከበስተኋላችን በሞተር ብስክሌት ይመጡ ከነበሩ ሁለት ወጣቶች ፊት ወደቀ። ነጂው መሪውን ወደ አሸዋው ጠምዝዞ ባያመልጥ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ልብ ነበር። ልጆቹ ከወደቁበት አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ፤ እኛም ይቅርታ ጠይቀንና የተሰበረውን መብራት ዋጋ ከፍለን ተለያየን።

ጥፋቱ የማን ነው? መካኒኩ የተሰጠውን አሰረ። ሻጩ የመጣለትን ሸጠ። አስመጪው ዕቃውን በሥዕል አይቶና ዋጋ አወዳድሮ አዘዘ። እኛ ገዢዎቹም ዋጋ ስናስቀንስ ቆየን እንጂ መግጠሚያውን አልመረመርንም። ጥፋት እንዲህ ለሁሉም ሲከፋፈል ባለቤት ያጣል። በእኔ ዐሳብ ግን የመጀመሪያው ኀላፊነት የነጋዴው ነው፤ ምክንያቱም ከአምራቹ ጋር የሚጻጻፍ፣ ምን እንደሚመጣለትም አስቀድሞ ለመጠየቅ የሚችል እርሱ ብቻ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ሸራው እንዴት መገጠም እንደሚገባው እንመልከት። ሸራው የሚያርፈው በፖርቶመጋላው እንጂ በመኪናው ጣሪያ ቆርቆሮ አይደለም፤ ጣሪያን በስቶ መግጠም ውሃና ዝገት መጋበዝ ነው። ፖርቶመጋላውም ራሱ እንደ መኪናው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ዝርያ በጣሪያው ግራና ቀኝ አሸንዳ ስላለው መጫኛው በእርሱ ላይ ይነክሳል፤ ሌሎች መኪናዎች ደግሞ በጣሪያቸው ላይ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሐዲድ ወይም የብሎን ስፍራ አላቸው። ስለዚህ «ለማንኛውም መኪና ይሆናል» የሚል ጽሑፍ በሣጥን ላይ ማየት ብቻ አይበቃም። በጣሪያው ላይ የሚፈቀደው የክብደት ልክ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ ፖርቶመጋላው፣ ሸራው፣ ትርፍ ጎማውና የነዳጅ ጀሪካኑ ሁሉ ከዚሁ ልክ ላይ ይታሰባሉ።

ለተለመደው ሸራ ቢያንስ ሁለት ጠንካራ ማቀፊያ ብረቶች፣ ረዘም ላለው ሦስት ያስፈልጋሉ። ብሎኑ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በ13 ቁጥር ቁልፍ የሚጠብቅ ቢሆን መልካም ነው፤ ከእርሱም ጋር ሰፊ ሮንዴላና በንዝረት የማይላላ፣ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ሊኖር ይገባል። ለእኛ የጎደለን ይህ ዳዶ ነበር፤ ዋጋው ከሸራው ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጠጠር መንገድ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ወርዶ ብሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ የነጂው ተግባር ነው። ጨው ባለበት አገር ደግሞ አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት በእርጥበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ እየተበላ ስለሚሄድ፣ በመካከላቸው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ንጣፍ ማድረግ ይገባል።

አስመጪዎች በብርቱ ሊያስቡበት የሚገባው ሌላው ነገር የጎኑ ጉዳይ ነው። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገድ ቀኝ የምትነዳ ስለ ሆነች፣ መኪና በመንገድ ዳር ሲቆም ሰው ከተሽከርካሪ ርቆ የሚቀመጠው በቀኝ በኩል ነው፤ ሸራውም በዚያው በኩል መገጠም አለበት። ነገር ግን ከታወቁት የጥላ ሸራ አምራቾች ብዙዎቹ በመንገድ ግራ በሚነዳባቸው በአውስትራልያና በደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። በእነርሱ አነጋገር «የተሳፋሪ ጎን» ማለት ግራ ነው። እንደ ክንፍ የሚዞረው ሸራ ደግሞ የግራው ከቀኙ ይለያል፤ አዙሮ መግጠም አይቻልም። «የተሳፋሪ ጎን» ብሎ ያዘዘ ነጋዴ፣ ጅቡቲ ደርሶ የሚፈታለት ዕቃ ተሳፋሪዎቹን ወደ መንገዱ መካከል የሚያስቀምጥ ይሆናል። በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ «በስተ ቀኝ» የሚል አንድ ቃል ቢጨመር ግን ይህ ሁሉ ይቀራል።

ስለ ነፋስና ስለ ዝናብም ገዢው ሊነገረው ይገባል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 5 ካሬ ሜትር ሸራን ፊት ለፊት ሲያገኘው የ30 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ያሳርፍበታል፤ የነፋሱ ፍጥነት ዕጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት ዕጥፍ፣ ማለት 120 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። በዚሁ ሸራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 5 ሊትር ውሃ ነው፤ ሸራው ተዘቅዝቆ ካልተወጠረ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ኪሎ ግራም ሊያቁርበት ይችላል። ስለዚህ አንዱን እግር ዝቅ አድርጎ ውሃውን ማፍሰስ፣ ገመዱን በካስማ መወጠር፣ ነፋስ ሲበረታም ሸራውን መጠቅለል ግድ ነው። ይህን በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ከዕቃው ጋር መስጠት ምን ያህል ያስወጣል?

እንግዲህ ዐሳቤን በሦስት ነገር አጠቃልላለሁ። የመጀመሪያው፣ አስመጪው ከማዘዙ በፊት የማቀፊያውን ዐይነት፣ የሚገጠምበትን ጎን፣ የብሎኑንና የዳዶውን ልክ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ እነዚህም በደረሰኙ ላይ ተዘርዝረው ይምጡ። የጥላ ሸራ በጉምሩክ የዕቃ አመዳደብ ከድንኳን ጋር በ63.06 ሥር የሚታይ ሲሆን፣ በኋላ ለብቻው የሚመጣ የብረት መግጠሚያ ግን በሌላ ቁጥር ሊታይ ስለሚችል፣ አብሮ ማምጣቱ ከአንድ ዕቃ ሁለት ጣጣ ያድናል። ሁለተኛው፣ ባለሱቁ የገዢውን መኪና ዐይነት ሳይጠይቅ አይሽጥ፤ ቢቻል ከአንድ የታመነ ጋራዥ ጋር ተስማምቶ አስገጥሞ ያስረክብ። ሦስተኛው፣ ማቀፊያውን በአገር ውስጥ እናሠራ። በሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጡ ወገኖቻችን የትኛው መኪና ምን እንደሚስማማው ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ብረት ቆርጠውና አጥፈው የሚበይዱ ባለሙያዎችም፣ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎችም አሉን። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ገንዘብ ዋጋው ምን ያህል እንደ ከበደ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ በዚህ ገንዘብ ግማሽ ዕቃ ማስመጣት፣ እዚህ ሊሠራ የሚችለውንም ብረት ከባሕር ማዶ መጫን የሚገባ አይመስለኝም።

«ገዢው የሚፈልገው ርካሽ ነው፤ መግጠሚያ ብንጨምር ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ እኛም ራሳችን ዋጋ እያወዳደርን ከሱቅ ወደ ሱቅ ዞረናል። ሆኖም ያ ሱቅ ዛሬ እኛን አጥቷል። የድርጅታችን ሌሎች መኪናዎች ሸራ ሲያስፈልጋቸው ዋጋው ከፍ ካለ፣ ነገር ግን ማቀፊያውን በመኪናው ልክ አሠርቶ ካስረከበን ሌላ ነጋዴ ገዛን። በርካሽ የሸጠ አንድ ጊዜ ሸጠ፤ አሟልቶ የሸጠ ደንበኛ አገኘ።

በመጨረሻም፣ ነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሣጥኑን ለገዢ ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ጊዜ ከፍታችሁ እዩት። የጎደለው አንድ ዳዶ ቢሆን እንኳ ከመደርደሪያችሁ አንሥታችሁ ጨምሩበት። ከመኪናው በስተኋላ በመንገዱ የሚመጣውን ሰው እናንተ አታውቁትም፤ የእርሱ ደኅንነት ግን በዚያች ዳዶ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።