መቶ በመቶ ያሸነፈ መንግሥት ማንን ፈራ?

ዴሞክራሲ ማለት ካርድ ኮሮጆ ውስጥ መክተት ብቻ ቢሆን ኖሮ የግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ ወደር ባልተገኘለት! ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠቅልለው ወሰዱ። ለመድኃኒት እንኳ አንድ ተቃዋሚ አልተረፈም።

እሺ፣ ሕዝቡ ይህን ያህል ከወደዳቸው በኅዳር 2008 ዓ.ም. ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ለምን ፈነዳ? በሐምሌስ ጎንደር ለምን አደባባይ ወጣ? በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምን አመጣው? በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ልልቀቅ ያሉት ለምንድን ነው?

ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሰዉ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ያጨበጭባል፤ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ያማል። ብሶቱን የሚናገርለት እንደራሴ፣ የሚጽፍለት ጋዜጣ፣ የሚዳኘው ፍርድ ቤት ሲያጣ ዝም ይላል። ዝምታው ግን ይሁንታ አይደለም፤ ቂም ነው። ያኔ ፓርላማው ውስጥ ደፍሮ የሚሞግት ጥቂት ሰው ቢኖር፣ ቁጣው ጎዳና ሳይወጣ እዚያው በተሰማ ነበር።

ዛሬም ወንበር ላይ ላላችሁ የምንለው ይህንኑ ነው። የሚያጨበጭብላችሁን መቁጠር ይብቃችሁ፤ ዝም ያለውን ጠይቁት! ሲመልስላችሁም አትሰሩት!