ሴቶች ከቅኔው ጉባኤ ደጃፍ እስከ መቼ?

«ቅኔ የወንድ ሙያ ነው» የሚለው ኋላ ቀር አስተሳሰብ መሠረተ ቢስ መሆኑን ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ዓይነ ስውር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባታቸው ቀስመው፣ በ20ኛው መቶ ዓመት በጎጃም ጉባኤ ዘርግተው ወንዶችን አስቀኝተዋል። ሆኖም ሴት ባለቅኔ በተነሣ ቁጥር የእርሳቸው ስም ብቻ መጠራቱ ሊያሳፍር ይገባል። አባቷ መምህር ያልሆነላት፣ አኩፋዳ አንግታ መንደር ለመንደር ቁራሽ እየለመነች እንድትማር ያልተፈቀደላት ልጅ የት ትቀኝ?

ዛሬም ሴትን ለመድረክ ድምቀት ጋብዞ ማጨብጨብ ተሳትፎ አይባልም። ቅኔ በቆጠራና በእርማት የሚገኝ ጥበብ ነውና፣ ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምራ እንድትቆጥር፣ እንድትታረም፣ ኋላም ሌላውን እንድታርም ቦታ ይሰጣት። መምህራንና ከያንያን ይህን ካላደረጉ የሚከስረው ቅኔው ራሱ ነው!