ሸራ የለበሰው «ሀብት»፦ የቆመው መኪናህ ይነሣ ወይም ይሸጥ!

አዲስ አበባ ውስጥ በየትኛውም ኮንዶሚኒየም ግቢ ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ጎማው የተኛ፣ አቧራ የጠገበ፣ ልጆች መስታወቱ ላይ በጣታቸው «እጠቡኝ» ብለው የጻፉበት መኪና አታጡም። ጋራዦች ከዚህም ይብሳሉ። ከግንቡ ሥር ሞተሩ ወርዶ፣ ኮፈኑ በሽቦ ታስሮ ዓመት የሚቆጥር መኪና ሞልቷል። ከእነዚህ መሀል ደግሞ ለየት ያለ ወገን አለ። በአንድ ወቅት ሰፈር ሲያስጮህ የነበረ፣ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ የተደረገ፣ ሰፊ ቸርኬ የተገጠመለት፣ ማርሚታው የተቀየረ፣ ከኋላው ክንፍ የተተከለለት ስፖርት መኪና። አንዳንዱ እውነተኛ ሴሊካ ነው። አንዳንዱ ስፖርት እንዲመስል የተሠራ ዲኤክስ ኮሮላ ነው። ዛሬ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ቆመዋል።

ባለቤቱን «ለምን አታስነሣውም?» በሉት። «ላስነሣው ነው፣ ትንሽ ገንዘብ እስካገኝ ነው» ይላችኋል። «እሺ፣ ለምን አትሸጠውም?» በሉት። ያኔ ይቆጣል። «እሱን ሸጬ ምን ልገዛ?»

ይህ ጽሑፍ ለዚህ ሰው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የቆመ መኪና ሀብት አይደለም፤ ሸራ የለበሰ ዕዳ ነው። ወይ ይነሣ፣ ወይ ለሚያስነሣው ይሸጥ። መንግሥትም በዚህ ጉዳይ የሚጠየቅበት ድርሻ አለው፤ እሱንም አልተወውም።

▪️ «ዋጋው እየጨመረ ነው» የሚለው ማጽናኛ

ባለቤቱ ያለ ምክንያት አይደለም የያዘውን የሙጥኝ ያለው። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ እኛ ዘንድ ይወጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ዶላር ተሰቀለ። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ያለኝን ልያዝ» ቢል አይፈረድበትም።

ስህተቱ ያለው ቀጥሎ ነው። ዋጋው የጨመረው የሚሄድ መኪና ነው። ደላላው የሚጠራልህ ዋጋ ሞተሩ የሚነሣ፣ ቦሎ ያለው፣ ገዢው ነድቶ የሚወስደው መኪና ዋጋ ነው። የአንተን ሊያይ የመጣ ገዢ መጀመሪያ ኮፈን ይከፍታል፣ ቀጥሎ ከሥር ይተኛል፣ ከዚያ «ለመለዋወጫ ከሆነ እወስደዋለሁ» ይላል።

ሌላም አለ። የመኪናህን ዋጋ ያስወደደው ዶላር የጎደለውን ዕቃ ዋጋም አስወድዶታል። ዛሬ ሶማሌ ተራ ወርደህ የምትጠየቀው የፍሬን ፖምፓ ዋጋ ከሦስት ዓመት በፊት የተጠየቅኸው አይደለም። ስለዚህ በቆየህ ቁጥር በሚሄደውና በቆመው መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። አንተ ግን የሚሄደውን ዋጋ እየሰማህ ትተኛለህ። አባቶች ይህን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለውታል።

▪️ መኪና ቆሞ ነው የሚሞተው

«ብዙ አልተነዳም፣ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው» ብሎ የሚኮራ ሰው ያስቀኛል። መኪና እንደ ብር ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ አይቀመጥም። ሲቆም ምን እንደሚሆን በዝርዝር እንየው።

ቤንዚን በጥቂት ወራት ውስጥ ቀላሉ ክፍሉ ይተንና የቀረው ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ያ ሙጫ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። ሰልባትዮው ጎደሎ ከሆነ ባዶው ክፍል ከውስጥ ይዝጋል። የፍሬን ዘይት በባሕርዩ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ፖምፓውንና ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ይበላል። ከውጭ ስታየው ደህና ነው፤ ስትረግጠው ይከዳሃል። የፍሪሲዮን ዲስክ ከተቀመጠበት ጋር ይጣበቃል። ጎማ በአንድ ጎኑ ይተኛና ቅርጹን ያጣል፣ ጎኑም ይሰነጠቃል። አይጥ ኮፈን ሥር ጎጆ ትሠራለች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ትቆረጥማለች። ክረምት በመጣ ቁጥር የበሩ ሥር ላሜራ ውሃ ይይዛል። ሸራው ራሱ ወዳጅ አይደለም፤ እርጥበቱን አፍኖ ያኖረዋል።

የተቀያየረ መኪና ደግሞ ሞቱ የባሰ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና የትኛውም ሜካኒክ ያውቀዋል። ዝቅ እንዲል ሞላው በመጋዝ የተቆረጠ፣ ሞተሩ ከሌላ መኪና የመጣ፣ ለስፒከር ተብሎ ያለ ፊውዝ ሽቦ የተጎተተበት መኪናን የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ወይ አገር ለቋል ወይ ሥራ ቀይሯል። ምን እንደተቀየረ የተጻፈ ወረቀት የለም። አምስት ዓመት ሲቆም ብረቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ብረቱ ያለው እውቀትም ይጠፋል።

▪️ ከቀለም የጀመረ እንደገና ያቆማል

አሁን «እሺ፣ አስነሣዋለሁ» ላለው ሰው ልናገር። አብዛኛው ሙከራ የሚከሽፈው በገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ በቅደም ተከተል ስህተት ነው። ሰውየው ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሮጠው ቀጥቃጭና ቀለም ቀቢ ዘንድ ነው። ስቱኮ ይለጠፋል፣ ቀይ ቀለም ይረጫል፣ ፎቶ ይነሣል። ገንዘቡ እዚያ ያልቃል። መኪናው የሚያብረቀርቅ ሬሳ ሆኖ ተመልሶ ይቆማል።

ትክክለኛው ተራ ይህ ነው፦

1️⃣ ሊብሬ። የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ሞተር ከተቀየረና ወረቀቱ ካልተስተካከለ፣ አንድ ብር ከማውጣትህ በፊት እሱን ጨርስ።

2️⃣ ሞተሪኖ ለመምታት አትቸኩል። ባትሪ አምጥቶ «እስቲ ምታው» ማለት ብዙ ሞተር ገድሏል። መጀመሪያ አሮጌው ቤንዚን ይፍሰስ፣ የነዳጅ ቱቦዎች ይቀየሩ፤ የደረቀ ቱቦ እሳት ነው። ካንዴላዎቹ ይውጡ፣ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይንጠብ፣ ቀን ሁለት ቀን ይቆይ። ከዚያ ሞተሩ በቁልፍ በእጅ ይዙር። በእጅ ያልዞረ ሞተር በሞተሪኖ አይመታም። የታይሚንግ ቺንጊያ ያለው ከሆነ ሳይነሣ በፊት ይቀየር፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጊያው ሲበጠስ ፒስተን ከቫልቭ ጋር ይጋጫል።

3️⃣ ከመሄዱ በፊት መቆሙ። ፍሬን ሙሉ በሙሉ ተፈቶ ይታይ፣ ዘይቱ ይቀየር። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ታገኛለህ፤ ሁለቱ ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመት ናቸው። 2314 ካለ በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው አልፏል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል የሚወርድ ሰው የሚያስፈልገው ፍሬንና ጎማ እንጂ ክንፍ አይደለም።

4️⃣ ወደ ፋብሪካው መልሰው። የተቆረጠውን ሞላ ጣለው፣ ትክክለኛ ሞላና አሞርዛተር አስገባ። የስፒከሩን ሽቦ ንቀል። መጀመሪያ እንደተሠራ ይሂድ፤ መቀየር ካለበት ከዚያ በኋላ፣ አንድ በአንድ፣ እየተጻፈ ይቀየር።

5️⃣ ቀለም መጨረሻ።

«ጉልበት ልጨምርለት» ለሚሉ ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ለትንሽ አየር ብዙ ቤንዚን ያጠጣል፤ ጥቁር ጭሱና የቤንዚን ብክነቱ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ስለዚህ ማርሚታ ቀዶ ሰፈር ከማስጮህ ካርቡሬተሩን ለደጋ ማስተካከል ይቀድማል። ድምፅ ጉልበት አይደለም።

▪️ ጋራዡም ባለቤቱም ይጠየቁ

አንድ የማውቀው ሰው የ1990ዎቹን ሴሊካውን ለቴስታ ጓርኒሲዮን ብሎ ጋራዥ አስገባ። «ዕቃ እስኪገኝ» ተባለ። ገንዘብ አጠረው፣ ቀረ። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመለስ ዲናሞው የለም፣ ራዲያተሩ የለም፣ የፊት ወንበሮቹ ተቀይረዋል። «ማን ወሰደው?» ሲል «እዚህ የነበረው ልጅ ለቅቋል» ተባለ።

ከቆመው ፈትቶ ለሚሄደው መግጠም ስርቆት ነው። ሌላ ስም የለውም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ያለ ውል፣ ያለ ፎቶ፣ ያለ ቀጠሮ ንብረቱን ሰው ግቢ ጥሎ የሄደ፣ የቦታ ኪራይም ያልከፈለ ሰው በሩን ራሱ ከፍቶ ሄዷል። ጋራዥ መጋዘን አይደለም። መኪና ሲገባ ያለው ዕቃ በዝርዝር ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሣ፣ የሚያልቅበት ቀን ይቀመጥ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ሙያውን የሚያከብሩ ጋራዦች ይህን ቢጀምሩ የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው።

▪️ መንግሥትስ?

«ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ አሮጌ ብረት ምን ያደርጋል?» የሚል ክርክር እሰማለሁ። የኤሌክትሪክ መኪናን እደግፋለሁ። አገሪቱ ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እያወጣች መቀጠል አትችልም። ነገር ግን በአገሪቱ ያሉት ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች በመግለጫ ብቻ አይተኑም። ዶላር ወጥቶባቸው የገቡ ናቸው። እነሱን የሚጠግን እጅም አገር ውስጥ ያደገ ሀብት ነው። ጥያቄው መኪናው አሮጌ ነው ወይ ሳይሆን ይቆማል ወይ፣ ያጨሳል ወይ፣ መብራቱ ይሠራል ወይ መሆን አለበት።

ሌሎች አገሮች ይህን በሕግ መልክ አስይዘውታል። ጀርመን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 30 ዓመት ለሞላው መኪና ልዩ ሰሌዳ ትሰጣለች፤ ሁኔታው በባለሙያ ታይቶ፣ የተቀየረው ነገርም ከዘመኑ ጋር የሚሄድ ከሆነ ነው። ብሪታንያ 40 ዓመት ያለፈውን መኪና ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ ስታደርግ መሠረታዊ ለውጥ የተደረገበትን ግን ነፃ አታደርግም። የብሪታንያን ነፃ ማውጣት እንቅዳ አልልም፤ ለእኛ መንገድ ምርመራ ይበዛል እንጂ አይቀነስም። የምፈልገው መርሑን ነው። ዕድሜ ብቻውን ወንጀል አይሁን፣ ለውጥም ሳይመረመር አይለፍ።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የቆመ መኪና ወደ ምርመራ ለማድረስ ቀላልና ርካሽ የአጭር ጊዜ ፈቃድ ይኑር። ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ ላልወጣባቸው ዓመታት ባለቤቱ ቅጣት አይከመርበት፤ ቅጣቱ ከበዛ ሰው ሕጋዊ ከመሆን ይልቅ ማቆምን ይመርጣል። ሦስተኛ፣ የተቀየረ ሞተርና ሞላ በመሐንዲስ ታይቶ የሚጸድቅበት ወይም የሚከለከልበት ግልጽ መመዘኛ ይውጣ። ዛሬ የሚያስፈራው የተቀየረ መኪና መኖሩ ሳይሆን፣ ማን አይቶት እንደፈቀደ አለመታወቁ ነው። ፍሬኑ የማይዝ መኪና ግን የሴሊካም ይሁን የአባት ማስታወሻ ምሕረት አይገባውም።

▪️ ቀን ቁረጥ

ወንድሜ፣ በዚያ መኪና ውስጥ የተኛው የልጅህ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። የተበደርከው ዕቁብ ነው። ወይም ደግሞ ለሃያ ዓመት የምታስታውሰው የወጣትነት ደስታህ ነው። የትኛውም ቢሆን በሸራ ሥር እየበሰበሰ ነው።

ዛሬ ማታ ውረድ፣ ሸራውን ግለጥ፣ ከሥር ተኛና ሻንሲውን እይ። ሻንሲው በዝገት ከተበላ ሐዘንህን ጨርሰህ ለመለዋወጫ ሽጠው፤ የእሱ በርና ቴስታ ሌሎች ሦስት መኪኖችን ያስነሣሉ፣ ይህም ክብር ነው። ሻንሲው ደህና ከሆነ የጎደለውን ጻፍ፣ ዋጋውን ጠይቅ፣ ከገቢህ ጋር አስተያይ። በስድስት ወር ውስጥ ፍሬኑንና ሞተሩን መጨረስ ከቻልክ ጀምር። ካልቻልክ የሚችል ልጅ በሰፈርህ አለ፤ ለእሱ ሽጥለት፣ ሲነዳው እየው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንተ ወረቀት አይደለህም።

የማትስማሙ ከታች ጻፉ። የቆመ መኪና ያላችሁ ግን መጀመሪያ ስንት ዓመት እንደቆመ ጻፉ፣ ከዚያ እንከራከራለን።